ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ያላነበባችሁት ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 10,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ 11,500 የሚባለው ተጋኖ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ መብረር ሲችል ሆን ብሎ በሰሜን በኩል ይዞራል። ሰዓቱ ሲሄድ የሚረዝመው፣ ሲመለስ የሚያጥረው ምድር ስለምትዞር ነው። መንገድ ላይ የሚያርፈው ለገበያ ብቻ ነው። ዋጋው በኪሎ ሜትር ሲካፈል ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት ደግሞ ርቀቱ ያጥራል።

ጸሐፊው ብዕር አላቸው። ጥያቄዎቹም ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከፊቱ ያለውን ስክሪን እያየ የሚጠይቃቸው ናቸው። መልሶቹ ላይ ግን ርቀት፣ መንገድ፣ ሰዓትና ዋጋ ተደበላልቀዋል። ርቀት ሁለቱ ቦታዎች ከታወቁ የማይነቃነቅ ቁጥር ነው። የቀሩት ሦስቱ በነፋስ፣ በጦርነት፣ በክብደትና በገበያ ይለዋወጣሉ። ጽሑፉ የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በየነጥቡ ልሂድበት።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ በቀረው ኬክሮስ፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 38.8 ዲግሪ ላይ ነው። የዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 38.9 ዲግሪ ሰሜን፣ 77.5 ዲግሪ ምዕራብ። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የአየር መንገድ ቁጥር አይደለም። ካልኩሌተር ያለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊያወጣው ይችላል።

ታዲያ 10,000 ከየት መጣ? ጸሐፊው ራሳቸው ነግረውናል። ምንጫቸው «6,240 ማይል» ይላል፤ እሳቸው በ1.6 አባዙት፤ 9,984 ወጣ፤ ወደ 10,000 አጠጋጉት። ችግሩ ማይሉ የመኪና ማይል አለመሆኑ ላይ ነው። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚቆጥሩት በባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አመጣጡም ግልጽ ነው። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለውን 90 ዲግሪ እያንዳንዱን በ60 ደቂቃ ብትከፍሉት፣ አንዷ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ታህላለች። አሁን 6,240ን በ1.852 አባዙት። 11,556 ይመጣል። ማለትም የጸሐፊው ምንጭ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ማባዣው ነው። በአሜሪካ የመንገድ ማይል ከፈለጋችሁ ደግሞ 7,185 ገደማ ነው።

(ዳለስ ዋሽንግተን ውስጥ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ነው፤ ከመሀል ከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ግን ሒሳቡን አይለውጠውም። የሚለውጠው የታክሲውን ነው።)

ሁለተኛው ነጥብ ካርታው ነው፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ካርታ ዘርግተው ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ አስምረዋል። መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። «ቀጥታው መንገድ ይኸውና፣ አውሮፕላኑ ስፔንና ፖርቱጋል ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ይላሉ።

ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ብዙ ጊዜ መርካቶር የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ተብሎ የተሠራ። ጥቅሙ ኮምፓስን በአንድ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝ መርከብ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ መታየቱ ነው። ለዚህ ጥቅም የተከፈለው ዋጋ ደግሞ ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር ሁሉም ነገር መለጠጡ ነው። ግሪንላንድን ከአፍሪካ ጋር እኩል የሚያስመስለው ይኸው ነው፤ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። እና እዚያ ካርታ ላይ ቀጥ ያለው መስመር አጭሩ መስመር አይደለም። የጸሐፊውን መስመር ብትለኩት 12,080 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። «ጠማማ» ካሉት በ520 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ በረራ ማለት ነው።

ላለማመን የፈለገ ሰው የትምህርት ቤት ሉልና አንድ ክንድ የማይሞላ የስፌት ክር ይፈልግ። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣት ይጫን፤ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጎ ይወጥረው። መጀመሪያ ክሩን በቻድና በማሊ በኩል ለማስኬድ ቢሞክር ይረግባል፤ ትርፍ ክር ይቀረዋል። ሲወጥረው ክሩ ራሱ እየተንሸራተተ ወደ ሰሜን ይወጣል። ከካርቱም ትንሽ ዝቅ ብሎ ያልፍና ሊቢያ ውስጥ የኩፍራን በረሃ ይሻገራል። ከዚያ ደቡባዊ ቱኒዚያና አልጄሪያ፣ ከዚያ የስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከዚያ ከሊዝበን በላይ አድርጎ ከፖርቱጋል ይወጣል። አትላንቲክ መሀል ላይ 45 ዲግሪ ሰሜን ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ይህም ከዋሽንግተን ራሷ በ6 ዲግሪ ይበልጣል። ከዚያ እያዘቀዘቀ በቦስተንና በኒው ዮርክ አቅራቢያ ባሕሩን ተከትሎ ይወርዳል። ከቦሌ ሲነሣ አቅጣጫው ሰሜን ምዕራብ ነው፤ 314 ዲግሪ፤ ቀጥታ ምዕራብ አይደለም። አብራሪው አልዞረም። ሉሉ ክብ ስለሆነ ነው።

ይህን ብዬ ግን አውሮፕላኑ በየቀኑ በዚህ ክር ላይ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። አይሄድም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ኖሮ ጠንካራ ነጥብ ይሆንላቸው ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ሰማይ ጦርነት ያለበት ሰማይ ነው፤ የሊቢያን ደግሞ ለዓመታት ብዙ አየር መንገዶች ሸሽተውታል። የክሩ የመጀመሪያ ሲሶ በአብዛኛው የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ አገሮች ላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚወጣ በረራ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል መዞር አለበት፤ ይህ እውነተኛ ዙር ነው፤ ነዳጅም ሰዓትም ይበላል። አትላንቲክ ላይ ሲደርስ ደግሞ መንገዱን ነፋሱ ይወስናል። በአየርላንድና በስኮትላንድ በኩል ሻንዊክ፣ በካናዳ በኩል ጋንደር የሚባሉት የበረራ መቆጣጠሪያዎች የዕለቱን ነፋስ አይተው መስመሮችን በየቀኑ ያወጣሉ። የትናንቱ መንገድ ዛሬ ላይደገም ይችላል። ስክሪናችሁ ላይ ያለው መስመር ከጓደኛችሁ ፎቶ ጋር ካልገጠመ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምሥራቅ የሚበረውን ትገፋዋለች።» ይህ አባባል ታክሲ ውስጥም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ስሰማው ኖሬአለሁ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን አስቡት። አዲስ አበባ ከምድር ጋር በሰዓት ወደ 1,650 ኪሎ ሜትር ትዞራለች። አየሩ አብሮ ባይዞር ኖሮ አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ተነሥቶ ባለበት ቢንሳፈፍ ብቻ በቂ ነበር፤ በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የዋሽንግተን ኬንትሮስ ከሥሩ ትደርስለት ነበር። ያኔ ወደ አሜሪካ መሄድ ነበር የሚቀልለው፤ መመለስ አይደለም። የጸሐፊው ሐሳብ ተከትለነው ከሄድን የሚያደርሰን ወደ ተቃራኒው ነው። አየሩ ግን ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም አብሮ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ መካከለኛ ኬክሮስ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ክረምታቸው ሲሆን ይበረታል፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከዳለስ ተነሥቶ ወደ ለንደን ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,290 ኪሎ ሜትር ያህል መድረሱ ዜና ሆኖ ነበር። ሞተሩ የተለየ ነገር አላደረገም። ነፋሱ ተሸከመው። ያው ነፋስ ወደ አሜሪካ ለሚሄደው ግንባሩ ላይ ይመጣበታል።

ከዳለስ ቦሌ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ገደማ፣ ከቦሌ ዳለስ ከነማረፊያው 16 እና 17 ሰዓት የሚሆነው ግማሹ ምክንያት ይህ ነው። ስታነጻጽሩ መጀመሪያ የሰዓቱን ልዩነት አውጡ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው፤ እኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ እንዲነፍስ የሚያደርገው የምድር መዞር ነው፤ ከሐሩሩ ክልል ወደ ሰሜን የሚሄደው አየር በመዞሯ ምክንያት ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ስለዚህ ምድር በእጅ አዙር አለችበት። አውሮፕላኑን ግን አትገፋም።

አራተኛው የማረፊያው ጉዳይ ነው። የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። እንዲህ ይላሉ፦ «787 ድሪምላይነር 13,500 ኪሎ ሜትር እንደሚበር ተጽፏል። ርቀቱ ከዚያ ያንሳል። ታዲያ ለምን ያርፋል? ሰው ሊጭን ነው።»

13,500 የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። ግን የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ፣ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ለሚነሣ አውሮፕላን ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሳሳ አየር ሁለት ቦታ ይጎዳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም ለመነሣት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ከባሕር ወለሉ በ12 በመቶ ያህል የበለጠ። ያን ፍጥነት ለማግኘት ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል፤ ጎማውም ቢሆን የተፈቀደለት የፍጥነት ጣሪያ አለው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ቀልሎ መነሣት።

ምን ይቀነሳል? እዚህ ላይ ሒሳቡን ከሻንጣችን ጋር እናያይዘው። 270 መንገደኛ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ቢይዝ (ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሐበሻ ሻንጣውን ሳይሞላ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?) ሻንጣው ብቻ ከ12 ቶን በላይ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቡናው፣ ለሰው የተላከው ነጠላ። ቦሌ ላይ ሚዛኑ 23.8 ሲል የሚከፈተውን ሻንጣ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ከእናት ወደ ልጅ ቦርሳ የሚዛወረውን የበርበሬ ከረጢት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰዎቹ ራሳቸው ሲጨመሩበት ከ30 ቶን ያልፋል። ነዳጁ ደግሞ ድሪምላይነር በሰዓት በግምት 5 ቶን ስለሚፈጅ፣ የፊት ነፋስ ተጋፍጦ ያለ ማረፍ ዋሽንግተን ለመድረስ ከመጠባበቂያው ጋር ከ70 ቶን በላይ ይጠይቃል። ሁለቱንም ሙሉ አድርጎ ከቦሌ መነሣት ከባድ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ከፍለው ይሞሉታል፤ ግማሹን ቦሌ፣ ግማሹን መንገድ ላይ። ዳለስ ከባሕር ወለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ነፋሱም ከኋላ ነው። ለዚህ ነው ሲመለስ ሳያርፍ የሚመጣው። ጸሐፊው የማረፊያው ምክንያት ገበያ ብቻ ነው ካሉ፣ ሲመለስ ለምን ገበያውን ትቶት ይመጣል? ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

የት ያርፋል የሚለው ላይ ግን ገበያ አለበት፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ሆኗል። ቁጥሩን እዩት። በደብሊን በኩል የሁለቱ ክፍሎች ድምር 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀጥታው በ270 ብቻ ይበልጣል፤ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ደብሊን «በጣም ወደ ሰሜን የወጣ» የሚመስለው ያው ካርታው ስላሳሳተን ነው። በሎሜ በኩል ግን 12,750 ይመጣል፤ ጭማሪው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ቀጥ ያለ የሚመስለው ይህኛው ነው፤ በኪሎ ሜትር ግን የሚረዝመውም ይህኛው ነው። ታዲያ ሎሜ ለምን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ እዚያ አስካይ ከሚባለው አየር መንገድ ጋር የምዕራብ አፍሪካ መናኸሪያ አለው፤ ከአካባቢው አገሮች ለአሜሪካ የሚሄደውን ሰው እዚያ ይሰበስባል። ሌላም ነገር አለ። ከሎሜ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ብዙውን መንገድ ጄት ስትሪሙ ከሚበረታበት ኬክሮስ በታች ነው የሚሄደው፤ ኪሎ ሜትሩ ቢረዝምም የፊት ነፋሱ ይቀላል። ሎሜ ራሷም ባሕር ዳርቻ ናት፤ ከዚያ ሲነሣ የከፍታ ችግር የለም። ገበያም ፊዚክስም አብረው ወስነዋል።

አምስተኛውን ቶሎ ልለፈው። ቲኬቱ ውድ ነው፤ ማንም አይክድም። ክረምት ላይ ልጆቹን ይዞ እንቁጣጣሽን አገር ቤት ሊያሳልፍ ያሰበ የቨርጂኒያ ወይም የሜሪላንድ አባወራ ይንገራችሁ። ግን ዋጋን በኪሎ ሜትር መለካት አያስኬድም። በዱባይ በኩል ብትሄዱ የሁለቱ በረራዎች ርቀት 13,870 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቀጥታው በ2,300 ይበልጣል። ሆኖም በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚገኘው ትራንዚት ቲኬት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋጋን በኪሎ ሜትር የሚተምን አየር መንገድ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። የሚተመነው በወቅቱ፣ በቀረው ወንበርና ተወዳዳሪው በሚጠይቀው ነው። ስለ ዋጋ መሟገት ከፈለግን በዚህ በኩል እንሟገት፤ ለዚያ እኔም አለሁ።

የቀረው ቢሾፍቱ ነው። «አዲሱ ማረፊያ ሲከፈት ርቀቱ ያጥራል» ይላል ጽሑፉ። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ ሰሜን ምዕራብ። ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ርቀቱ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ነገር ግን ቦታው ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ ይወፍራል፤ አውሮፕላኑ ከብዶ መነሣት ይችላል። በቂ ነዳጅ ከሙሉ ሰውና ሻንጣ ጋር ጭኖ ሳያርፍ የሚሄድበት ዕድል ይሰፋል። ያ ከሆነ ቢያንስ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ቀበቶ አስሮ ነዳጅ ሲሞላ የሚጠበቅበት ሰዓት ይቀራል።